ዕቃው ደረሰ፤ መመለሻውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ስልክና ኮምፒውተር እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁም። በቅርቡ ያወጣችሁት አንድ ጽሑፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የአቅርቦት ሰንሰለታቸውን (ዕቃው ከማዕድን ተነስቶ ገዢው እጅ እስኪገባ የሚያልፍበትን መንገድ) አረንጓዴ፣ ማለትም አካባቢን የማይጎዳ፣ ሲያደርጉ ትርፋቸው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚል ነበር። ጸሐፊው ለፍተውበታል፣ እጃቸው ይባረክ። መደምደሚያቸው ግን አልተዋጠልኝም። ነገሩ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ እኛ ገና ዕቃውን በቅጡ ሳናገኝ ስለ አረንጓዴነት የምናወራበት ጊዜ አይደለም ብለው ነው የዘጉት።

አቦ፣ እንዲህማ አይባልም! አወራንም አላወራንም ውስጡ ገብተናል። ትርፉ ሌላ ቦታ ተመዝግቦ ወጪው ወደ እኛ እየተገፋ ነው። ይህን ደግሞ ከቢሮ ሆኖ ማየት ይከብዳል፣ ከሱቅ ሆኖ ግን በየቀኑ ይታያል።

ጽሑፉ ሰንሰለቱን ከማዕድን ማውጫው እስከ ሱቅ መደርደሪያ ድረስ ነው ያየው። እኔ የቆምኩት ከመደርደሪያው ወዲህ ነው። ስልኩ ከወደቀ በኋላ፣ ባትሪው ካበጠ በኋላ፣ ጨርሶ ከሞተም በኋላ የሚመጣው ወደ እኔና ወደ መሰሎቼ ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም።

በመጀመሪያ ግን ያ የትርፍና የኪሳራ ጥያቄ። አረንጓዴነት ወጪ ብቻ ነው ለሚል ሰው ሁልጊዜ የምነግረው የሶኒን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ማብቂያ፣ ልክ የፈረንጆቹ ገና ገበያ ሊደራ ሲል፣ ኔዘርላንድ ውስጥ ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጋ ፕሌይስቴሽን የሚባለው የጌም ማጫወቻ ታገደ። ጌሙ ምንም አልሆነም። ችግሩ አብረውት የሚመጡት ኬብሎች ናቸው። ውስጣቸው ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ተገኘ፣ መጠኑም የአገሩ ሕግ ከሚፈቅደው በላይ ነበር። ኬብሉን ደግሞ ሶኒ ራሱ አይሠራውም። ከአቅራቢ፣ ከአቅራቢውም አቅራቢ የመጣ ነው። ያም ሆኖ የታገደው የሶኒ ስም ያለበት ካርቶን ነው። ኬብሉን መቀየር፣ ካርቶኑን እንደገና ማሸግ፣ የበዓሉን ገበያ ማጣት፣ ይህ ሁሉ ተደማምሮ ኪሳራው በብዙ አሥር ሚሊዮኖች ዶላር ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ነው ኩባንያው አቅራቢዎቹን እየዞረ የመረመረው፤ “አረንጓዴ አጋር” የሚል ሥርዓት ዘርግቶም መስፈርቱን ያላለፈ ፋብሪካ ዕቃ እንዳያቀርብለት ያደረገው።

እስቲ አስቡት፣ ኬብል ነው! ከጠቅላላው ዕቃ ዋጋ ውስጥ ምን ያህሏ ናት? አቅራቢህን አለማወቅ ዋጋ የሚያስከፍለው እንዲህ ነው። ሶኒ ያን ሁሉ ምርመራ ያደረገው ስለ ዛፍና ስለ ወፍ አስቦ አይመስለኝም፤ ገበያ እንዳይዘጋበት ነው። ለእኔ ምክንያቱ ግድ አይሰጠኝም፣ ካድሚየሙ መውጣቱ ነው ቁም ነገሩ።

ቀጥሎ የአውሮፓ ሕብረት በኤሌክትሮኒክስ ውስጥ እርሳስን፣ ሜርኩሪን፣ ካድሚየምንና ሌሎችንም የሚገድብ ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2006 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። እኛ አውሮፓ አይደለንም፣ ማንም አላማከረንም። ግን የመበየጃ ካውያ የያዘ የድሬ ልጅ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል፣ ስሙን ባይሰማም። የድሮው በእርሳስና በቆርቆሮ የተበየደ ቦርድ (ቺፖቹ የሚበየዱበት የውስጥ ሰሌዳ) 183 ዲግሪ ላይ ብየዳው ቀልጦ ይለቃል። እርሳስ የሌለበት አዲሱ ደግሞ 217 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይነቃነቅም። በድሮው ልማድ አዲሱን ቦርድ ነክቶ ያበላሸ ብዙ ሰው አለ። የአውሮፓ ሕብረት መቀመጫ ብራስልስ ላይ የተወሰነ ነገር ታይዋን ውስጥ ያለውን ካውያ ሙቀት ቀየረው። (ድሬን ለማያውቅ አንባቢ፦ ታይዋን የምለው አገሩን አይደለም፣ የእኛን ገበያ ነው። ቺፑ ከዚያኛው ታይዋን ይነሳና ይህኛው ታይዋን ሲደርስ ኪስ ውስጥ ይገባል።)

ስለዚህ ሕግ ኩባንያን ያከስራል የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የሃርቫርዱ ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1995 ከባልደረባው ጋር ሆኖ የተከራከረው ይህንኑ ነው፤ በደንብ የተቀረጸ የአካባቢ ሕግ ኩባንያውን አዲስ ዘዴ እንዲፈልግ ያስገድደዋል፣ ያ ዘዴ ደግሞ ወጪውን ሊክስለት ይችላል አሉ። እኔ በግማሹ ነው የምስማማው። ወጪው የሚካሰው ለማን እንደሆነ ነው ሳይነገር የሚታለፈው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉዳይ የሚመጣው።

የቻርጀሩን ነገር እንውሰድ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 አይፎን 12ን ሲያወጣ ቻርጀሩንና የጆሮ ማዳመጫውን ከካርቶኑ አወጣቸው። ምክንያቱ አካባቢን መጠበቅ ነው ተባለ። ካርቶኑ ቀጠነ፣ ኩባንያው ራሱ እንደተናገረው በአንድ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት እንጨት) ላይ የሚደረደረው እስከ 70 በመቶ ጨመረ። ሳምሰንግ መጀመሪያ በማኅበራዊ ሚዲያ አሾፈ፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን ራሱም ቻርጀሩን አወጣ። ያነሰ ፕላስቲክ፣ ያነሰ መዳብ፣ ያነሰ ጭነት። ለኩባንያውም ያነሰ ወጪ። የስልኩ ዋጋ ግን አልቀነሰም። ብራዚል ውስጥ የሸማቾችን መብት የሚጠብቁ ተቋማት በዚህ ጉዳይ አፕልን እስከ መቅጣት ደርሰዋል።

እኛ ጋ ምን ሆነ? አንድ እናት ልጃቸው ከሳዑዲ የላከላቸውን ስልክ እንድከፍትላቸው ይዘው መጡ። ካርቶኑን ፊታቸው ከፈትኩ። “ልጄ፣ ቻርጀሩን የት አደረግከው?” አሉኝ፣ ዓይናቸውን እጄ ላይ ተክለው። አብሮ እንደማይመጣ ባስረዳቸው ጊዜ “ድስት ያለ ክዳኑ ይሸጣል እንዴ?” ብለው ሳቁብኝ። ያመኑኝ አይመስለኝም።

ኩባንያው ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ የድሮ ቻርጀር አለው ብሎ ነው ያሰላው። ካሊፎርኒያ ላይ ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን ለብዙ ሰው ያ ስልክ የመጀመሪያው ጥሩ ስልኩ ነው። ቻርጀር የለውም፣ ኦርጂናሉን ልግዛ ቢል ዋጋው ያስደነግጠዋል፣ ስለዚህ ከመንገድ ዳር ኮፒውን ይገዛል። ኮፒው ይግላል። መብራቱ ደግሞ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድሬ ላይ ሙቀቱም አለ። ትንሽ ቆይቶ ባትሪው ያብጣል ወይም ቻርጁን የሚቆጣጠረው ቺፕ፣ አይሲው፣ ይሄዳል። ኮፒ ቻርጀሩም ይጣላል፣ ሌላ ኮፒ ይገዛል። ፓሌት ላይ የዳነው ፕላስቲክና መዳብ እኛ ሰፈር በእጥፍ ወጣ ማለት ነው። አፕል ዋሸ አላልኩም። የእነሱ ሒሳብ የሚያበቃው የእኛ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው፣ ያ ነው ችግሩ።

ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። የአውሮፓ ሕብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ገበያው ላይ የሚቀርብ አዲስ ስልክ ሁሉ ታይፕ ሲ በሚባለው አንድ ዓይነት መሰኪያ ቻርጅ እንዲደረግ አስገድዷል። ይህ ነው አረንጓዴ! ድሮ የኖኪያ ወፍራሙ፣ የኖኪያ ቀጭኑ፣ ሚኒው፣ ማይክሮው፣ የአይፎኑ እያልኩ ስንት ዓይነት ቻርጀር መደርደር ነበረብኝ። ግማሹ ሳይሸጥ ያረጃል፣ ገንዘቤን ይዞ ይቀመጣል። አሁን አንድ ዓይነት ኬብል ለሁሉም እየሆነ ነው። ገንዘቤ ቶሎ ይዞራል፣ መደርደሪያው ይሰፋል፣ የሚጣለውም ያንሳል። አረንጓዴነትና የንግድ ውጤት ይገናኛሉ ወይ ላሉት ጸሐፊ የእኔ መልስ ይህ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጥቅሙ ለአምራቹ ብቻ ሳይሆን እስከ ትንሹ ሱቅ ድረስ ይደርሳል። ካልደረሰ አንድ ሰው ወጪውን ለሌላ አሳልፏል ማለት ነው፣ እዚያ ላይ መጠርጠር ነው።

ወደ ዕድሜ ጉዳይ ልምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነውና። አንድ ስማርት ስልክ በዕድሜው ከሚለቀው ካርቦን ውስጥ ትልቁ ድርሻ ገና ገዢው እጅ ሳይገባ የሚለቀቀው ነው። ማዕድኑ ሲወጣ፣ ቺፑ ሲሠራ፣ ሲገጣጠም። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ይህን ያውቃሉ፤ አፕል እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከእነ አቅራቢዎቹ የካርቦን ሒሳቡን ዜሮ አደርጋለሁ ያለው ለዚህ ነው፣ ለአቅራቢዎቹም ለእኔ የምትሠሩትን በንጹሕ ኤሌክትሪክ ሥሩ ብሏቸዋል። ጥሩ ነው። ግን ዋናው ጉዳት ስልኩ ሲሠራ ከደረሰ፣ ትልቁ መድኃኒት የተሠራውን ስልክ ረዥም ጊዜ ማቆየት አይደል? ሁለት ዓመት የሚያገለግለውን ስልክ አምስት ዓመት ያስኬደ ጠጋኝ ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ የለም ሊባል ነው? በኩባንያዎቹ ሪፖርት ውስጥ ስለ ፋብሪካ ጣሪያ ሶላር በሰፊው ይነበባል፣ እዚህ ከተማችን ከዚራ ሰፈር ጥግ ላይ ማጉያ መነጽር አድርጎ ስለሚቀመጠው ልጅ ግን አንድም መስመር የለም።

እንዲያውም ብዙ ጊዜ መንገዱን ይዘጉበታል። ባትሪውን በሙጫ ይለጥፉታል። ስክሪኑን ስትቀይር ስልኩ “ይህ የማይታወቅ ዕቃ ነው” እያለ ያስፈራራል፣ አንዳንዱ አገልግሎት ጭራሽ ይቆማል፣ ዕቃው ከሌላ ተመሳሳይ ስልክ የተነቀለ ኦርጂናል ቢሆን እንኳ። አሜሪካ ውስጥ የኦሪገን ግዛት ይህን ዓይነቱን በሶፍትዌር መቆለፍ የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 አጽድቋል። የአውሮፓ ሕብረትም ከጁን 2025 ወዲህ ገበያው ላይ የሚገባ ስልክ ላይ ጠንከር ያለ መስፈርት አስቀምጧል። ሞዴሉ መሸጥ ካቆመ በኋላ ዋና ዋና መለዋወጫዎቹ ለ7 ዓመት መገኘት አለባቸው፣ ሶፍትዌሩም ለ5 ዓመት መታደስ አለበት። ባትሪው 800 ጊዜ ሞልቶ ካለቀ በኋላም ቢያንስ 80 በመቶ መያዝ አለበት። እርግጥ ላብራቶሪው ውስጥ የድሬ ግንቦት የለም። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ እኛ ጋ ቶሎ ነው የሚያረጀው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል ባትሪ እንዲሆን የሚል ሕግ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። ይጠቅማል። አውሮፓና ዱባይ ያገለገለው ስልክ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ይመጣል። እነሱ ጋ በቀላሉ የሚፈታ ሆኖ ከተሠራ እኛም ጋ በቀላሉ ይፈታል። ለእኛ ገበያ ተብለው በርካሽ የሚሠሩት ግን ያ ሕግ አይነካቸውም፤ እነሱን የሚነካ የራሳችን መስፈርት ያስፈልገናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጠማል፣ ቴክኖ አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ከጀመረ ቆይቷል። እዚሁ ለሚገጣጠም ስልክ መለዋወጫ እዚሁ ይገኝ ማለት ምን ይከብዳል? እኔ አንዴ ለአንድ አከፋፋይ ደውዬ የአንድ የታወቀ ሞዴል ባትሪ ጠየቅኩ። “አዲሱን ስልክ ለምን አታስገዛውም?” አለኝ። ቅር አላለውም፣ እኔም ዘጋሁት።

ይህ ንግግር ደግሞ አሁን ሰው ላይ ከባድ ነው። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ስልክ የብዙ ሰው አቅም አይደለም። ድሮ “ጣለውና ሌላ ግዛ” ይል የነበረ ደንበኛ ዛሬ “በተቻለህ አድነው” ይላል። የጥገና ሥራ ጨምሯል። አረንጓዴ ነን ብለን አይደለም፣ ኪሳችን አስገድዶን ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው።

አሁን ስለ መንገዱ ትንሽ ልበል፤ ድሬ ሆኖ ስለ ባቡር ሳያወራ የሚጽፍ ሰው የለም። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሀዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልሆነለት እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ፣ እኛም በቅለን ቀረን። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ ከ90 በመቶ በላዩ ከውሃ ነው የሚመነጨው። አንድ ኮንቴይነር ከጅቡቲ በናፍጣ መኪና ከሚመጣ በዚህ ባቡር ቢመጣ ለአየሩም ለአስመጪውም ይሻላል። ኩባንያዎች የአቅራቢና የማጓጓዣ ካርቦናቸውን በሚቆጥሩበት በዚህ ዘመን ይህ የሚሸጥ ነገር ነው። ነሐሴ 2014 የተከፈተው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና ባለሀብት ሲጠራ መሬትና ቀረጥ ብቻ ሳይሆን ይህንም ቢያስተዋውቅ እላለሁ። ቺፕ እንሠራለን አላልኩም። ኬብል፣ ቻርጀር፣ ካርቶን፣ መገጣጠም ግን አይከብድም፤ በንጹሕ ኤሌክትሪክ የተሠራ መሆኑ ደግሞ ገዢው ሪፖርት ላይ የሚያምር ቁጥር ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተር የሚነሳ ከሆነ ያ ቁጥር ይበላሻል። ባቡሩም ግመል ሲገባበት፣ ኃይል ሲቋረጥ፣ የመስመሩ ዕቃ ሲሰረቅ ይቆማል። ስልክ ደግሞ ትንሽና ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፣ በመርከብ ከሚመጣው ጋር ሲወዳደርም በኪሎ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ካርቦን ይለቃል። ነጋዴው ይህን የሚያደርገው ዶላሩ ታስሮ እንዳይቆይበት ነው። ባቡሩ ቀኑን ቢያከብር ብዙው ወደ እሱ ይመለስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ርዕሴ ላይ ወደጻፍኩት ልምጣ። ሁሉም ዕቃ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። በጅቡቲ ይገባል፣ ይሸጣል፣ ይሞታል፣ ከዚያ ምንም። በተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመረተች፣ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው። ግን ያ ትንሹ የት ነው ያለው? ቁራሌው የሚሸጠውን ይወስዳል፤ መዳቡን፣ አሉሚኒየሙን፣ የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ። ሽቦውን አንዳንዱ ሜዳ ላይ አቃጥሎ ነው መዳቡን የሚያወጣው፣ ጭሱን ማን እንደሚተነፍሰው ታውቃላችሁ፣ ሕፃናት ናቸው። ቦርዱን ደላላ ከተገኘ ደላላ ይወስደዋል። ባትሪውን ግን የሚፈልግ የለም። ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ውስጥ ይጣላል። ደቻቱ ደግሞ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሲመጣ ግን እንዴት እንደሚመጣ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ያውቃል፤ የተጣለበትን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። አዲስ አበባ፣ አቃቂ ላይም አሮጌ ኮምፒውተር የሚፈታበት ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። ግን ከድሬ አቃቂ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ጆንያ ያበጠ ባትሪ በአውቶቡስ ጭኜ ልሂድ? ረዳቱስ ይጭንልኛል? በመንገድ ላይ ቢነድስ?

ከቆሻሻው ውስጥ ደግሞ ሀብት አለ። አንድ ቶን የስልክ ቦርድ ውስጥ ያለው ወርቅ አንድ ቶን የወርቅ ማዕድን ድንጋይ ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2016 እየነደደ ያስቸገረውን ጋላክሲ ኖት 7 ከመላው ዓለም ሲሰበስብ የአካባቢ ተሟጋቾች ጮኹበት። ጩኸቱ ሠራ። የተወሰነውን አድሶ በሌላ ስም በኮሪያ ሸጠው፣ ከቀረው ደግሞ 157 ቶን ወርቅ፣ ብር፣ ኮባልትና መዳብ አገኛለሁ አለ። የተቃጠለ ስልክ እንኳ መመለሻ መንገድ ካለው ገንዘብ ነው። በስልክ ውስጥ ያለው ታንታለም የሚባለው ብረት ከእኛው ከጉጂ፣ ከቀንጢቻም ሲወጣ ኖሯል፤ ጥሬውን ልከን ስልኩን በዶላር ገዝተን ሲሞት አሸዋ ላይ እንጥለዋለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? የውጭውን ልምድ ገልብጠን እናምጣ የሚሉ አሉ። ስዊዘርላንድ ገዢው አዲስ ዕቃ ሲገዛ ትንሽ የማስወገጃ ክፍያ አብሮ ይከፍላል፣ በዚያ ገንዘብ አሮጌው ይሰበሰባል። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይሠራል። እዚህ ቢመጣ ግን እፈራለሁ። ለምን? ድሬ ላይ ያለውን ገበያ ታውቁታላችሁ። በወረቀት የገባም አለ፣ ያለ ወረቀት የገባም አለ። ክፍያውን ሕጋዊው አስመጪ ላይ ብቻ ብትጭኑት የኮንትሮባንዱ ስልክ በዚያው ልክ ይረክሳል። ሕግ ያከበረውን መቅጣት ይሆናል። ኮንትሮባንድ ስልክ ሲሞት ደግሞ ውሰደው የሚባል ባለቤት የለውም።

ስለዚህ እኔ ቅጣቱን ወደ ጥቅም ብንገለብጠው ይሻላል ባይ ነኝ። አሮጌውን ሰብስቦ የሚመልስ አስመጪ ለመለዋወጫ በሚያስገባው ዕቃ ላይ የቀረጥ ቅናሽ ያግኝ። ያ ቅናሽ ባትሪና ስክሪን ያረክሳል፣ ጥገናውን ያበረታታል፣ ሕጋዊ መሆንንም ያዋጣል። አሮጌውን ማን እንዳስገባው አይጠየቅ፤ የኮንትሮባንዱም ይሰብሰብ። ዋናው ከደቻቱ መራቁ ነው። ደንበኛው አሮጌ ስልኩን ሲያመጣ ትንሽ ዋጋ ይታሰብለት። ልዋጭ እየተባለ አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ሳፋ የሚለወጥበት አገር ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ ስብሰባ አያስፈልግም።

መሰብሰቢያው ደግሞ ድሬዳዋ ይሁን። ስለተወለድኩባት አይደለም፣ ወይም ስለተወለድኩባት ብቻ አይደለም። ከውጭ የምናስገባው ከምንልከው እጅግ ስለሚበልጥ ብዙ ኮንቴይነር ባዶውን ወደ ጅቡቲ ይመለሳል። ባቡሩ አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ ነጻ ቀጠናው አለ። ቀላሉ ሥራ፣ መፍታትና መለየቱ፣ እዚሁ በእኛ ልጆች ይሠራል። ወርቁንና ሌላውን ከቦርድ ማውጣት ግን እዚህ በአሲድ አይሞከር፤ እጅና ሳንባ ይበላል። እሱ ቤልጅየም እንዳለው የዩሚኮር ዓይነት ፋብሪካ ይፈልጋል፣ ቦርዱ ተለይቶ ለእንዲህ ዓይነቱ ይሸጥ። ሩዋንዳ ቡገሴራ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚታደስበትና የሚፈታበት ማዕከል አቁማ እየሠራች ነው፣ እሷ ባሕርም ወደብም የላትም።

ወረቀቱ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ከጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር የሚሻገርበትን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት መሠረት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛም ሆነ አልሆነ፣ ከአገር አገር ሲሻገር የሁለቱም መንግሥታትና የሚተላለፍበት አገር ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጥሩ ሕግ ነው፣ የሀብታም አገር ቆሻሻ ወደ እኛ እንዳይደፋ ነው የወጣው። ለእኛ ግን አንድ ሱቅ ወይም አንድ አስመጪ ብቻውን የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። የአካባቢ ጥበቃው፣ ጉምሩኩና የቀጠናው አስተዳደር አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ነሐሴ 2014 ላይ ነጻ ቀጠናው ተከፈተ፣ በዚያው ወር ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ኔትወርክ ያበራው እዚሁ ድሬ ነው። አዲስ ነገር እዚህ መጀመር ከተቻለ አሮጌውን መመለስም እዚህ መጀመር ይቻላል።

እናንተን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኛ ላኩና ለእነዚህ ሦስት መሥሪያ ቤቶች “ከድሬዳዋ አንድ ኮንቴይነር የስልክ ቦርድ በሕጋዊ መንገድ ለመላክ ምን ምን ወረቀት ያስፈልጋል? ማን ይፈርማል? ስንት ጊዜ ይፈጃል?” ብላችሁ ጠይቁልን፤ መልሱንም እንዳለ አትሙት። እኛ ነጋዴዎች ስንጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይመራናል። ጋዜጣ ሲጠይቅ ትንሽ ይለያል።

እስከዚያው ከሱቄ ጀርባ አሸዋ የተሞላ በርሜል ውስጥ ያበጡ ባትሪዎች አሉኝ፤ ጎረቤቶቼም የእነሱን እያመጡ ይጨምሩበታል፣ በርሜሉም እየሞላ ነው። በሥርዓት የሚያስወግድ ፈቃድ ያለው ድርጅት ካለ በእናንተ በኩል ያግኘኝ፣ የመጓጓዣውን እኔ እችላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የስልክና የኮምፒውተር ነጋዴ፣ ከድሬዳዋ